ስሙ የሚያመለክተው የትኛውን ነው? የከርነል ምንጭ ኮድና ጠቋሚ ስሞቹ

አንድ ተማሪ የሊኑክስን ስርዓተ ክወና እምብርት፣ ማለትም ከርነሉን፣ ከምንጭ ኮዱ ተነሥቶ ራሱ ኮምፓይል ለማድረግ ይወስናል እንበል። ምንጩን ያወርዳል፣ የሚፈልጋቸውን አማራጮች ይመርጣል፣ ማሽኑ ረዘም ላለ ጊዜ ሲሠራ ይቆያል፤ በመጨረሻም ኮምፒዩተሩ በአዲሱ ከርነል ይነሣል። ደስታው ግን ብዙ አይዘልቅም። ለኔትወርክ ካርዱ ወይም ለቤተ ሙከራው መለኪያ መሣሪያ የሚያስፈልገውን ድራይቨር ለብቻው ኮምፓይል አድርጎ ሊጭን ሲሞክር ማሽኑ የሞጁሉ ቅርጽ ልክ እንዳልሆነ በአንድ አጭር መስመር ይነግረዋል። ድራይቨሩን እንደገና ኮምፓይል ቢያደርገውም መልሱ ያው ነው።

ተማሪው ስሕተቱን በድራይቨሩ ኮድ ውስጥ ሲፈልግ ያመሻል። እኛ እንደታዘብነው ግን ብዙውን ጊዜ ኮዱ እንከን የለበትም። ችግሩ ያለው ኮምፓይለሩ የከርነሉን ምንጭ ለማግኘት በተከተለው የዳይሬክተሪ ስም ላይ ነው። በዚህ ጽሑፍ ይህ ስም ምን እንደሆነ፣ ማን እንዳስቀመጠውና ስለምን እንደሚያሳስት ለማብራራት እንሞክራለን። ትእዛዛቱንና የፋይል ስሞቹን ለንባብ እንዲመቹ በፊደላችን እንጽፋቸዋለን፤ በማሽኑ ላይ ግን እንደተለመደው በላቲን ፊደል ይተየባሉ።

አድራሻ እንጂ ዕቃ አይደለም

ሲምቦሊክ ሊንክ፣ በአጭሩ ሲምሊንክ፣ በዩኒክስ ቤተሰብ ስርዓቶች ውስጥ የሚገኝ ልዩ የፋይል ዓይነት ነው። ከዚህ በኋላ «ጠቋሚ ስም» እንለዋለን። ወደ ዩኒክስ ዓለም በሰፊው የገባው እ.ኤ.አ. በ1983 በወጣው 4.2ቢኤስዲ በተባለው የበርክሌይ እትም አማካይነት ነው። ተራ ፋይል በውስጡ ጽሑፍ፣ ሥዕል ወይም ፕሮግራም ይይዛል። ጠቋሚ ስም ግን የሚይዘው የሌላ ፋይልን ወይም ዳይሬክተሪን ስም ብቻ ነው፤ ከዚያ ውጪ ምንም የለውም። «ሊኑክስ» የተባለ ጠቋሚ ስም «ሊኑክስ-2.6.16» የሚለውን ዳይሬክተሪ የሚያመለክት ቢሆን፣ «ኤልኤስ -ኤል» የተባለው ትእዛዝ መጠኑን 12 ባይት ብሎ ያሳየናል። ምክንያቱም የዳይሬክተሪው ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ፣ ቁጥሮቹና ነጥቦቹ ተጨምረው፣ 12 ምልክቶች ስላሉት ነው። በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ባይት የያዘው የምንጭ ኮድ ዛፍ በዚህ ልኬት ውስጥ ቅንጣት ታህል ድርሻ የለውም። ኤክስት2፣ ኤክስት3ና ኤክስት4 በተባሉት የሊኑክስ የፋይል ስርዓቶች ከ60 ባይት ያነሰ ጠቋሚ ስም በዲስኩ ላይ የራሱ ማከማቻ ቦታ እንኳ አይሰጠውም፤ የፋይሉ መግለጫ በሚመዘገብበት አይኖድ በተባለው መዝገብ ውስጥ ይጻፍና ያበቃል።

ነገሩን በቢሮ ልማድ ብንመስለው ይቀልላል። «ለፊዚክስ ትምህርት ክፍል ኃላፊ» ተብሎ የተጻፈ ደብዳቤ የሚደርሰው ደብዳቤው በተጻፈበት ቀን ኃላፊ ለነበረው ሰው ሳይሆን፣ በደረሰበት ቀን በወንበሩ ላይ ለተቀመጠው ነው። ወንበሩ ባዶ ከሆነ ደብዳቤው ተቀባይ ያጣል። ጠቋሚ ስምም እንዲሁ ነው። ወደ እውነተኛ ፋይል የሚተረጎመው በተፈጠረበት ጊዜ ሳይሆን በተነበበበት ቅጽበት ነው። ስለዚህም የሌለ ነገርን የሚያመለክት ጠቋሚ ስም መፍጠር ይቻላል፤ ስርዓቱ አይከለክልም፣ አያስጠነቅቅምም። እርስ በርሳቸው የሚጠቋቆሙ ሁለት ስሞችን ብንፈጥር እንኳ ዝም ይለናል። ሊኑክስ የሚያጉረመርመው ልናነባቸው ስንሞክር ነው፤ 40 ጠቋሚ ስሞችን ከተከተለ በኋላ ተስፋ ቆርጦ የጠቋሚው ደረጃ በዝቷል ይላል።

አንድ ሌላ ጠባይም አለው፤ ጀማሪዎችን በብዛት የሚያሰናክለው ይህ ነው። በውስጡ የተጻፈው ስም ከሥር የሚጀምር ሙሉ አድራሻ ካልሆነ፣ የሚቆጠረው ጠቋሚው ከተቀመጠበት ዳይሬክተሪ ተነሥቶ ነው። ስሙን የፈጠረው ሰው የቆመበት ቦታ ግምት ውስጥ አይገባም። «ሁለተኛው በር በስተቀኝ» የሚል ምልክት ትርጉሙ በተለጠፈበት ኮሪደር እንደሚወሰን ሁሉ፣ በቤት ዳይሬክተሪያችን ቆመን «ሊኑክስ-2.6.16» የሚል ቃል የያዘ ጠቋሚ በ«/ዩኤስአር/ኤስአርሲ» ውስጥ ብንፈጥር፣ ማሽኑ ዛፉን የሚፈልገው በዚያው በ«/ዩኤስአር/ኤስአርሲ» ውስጥ እንጂ በቤታችን አይደለም።

ሄደር ፋይል እንደ ካርታ

ታዲያ ድራይቨር ኮምፓይል ለማድረግ የከርነሉ ምንጭ ምን ያደርጋል? ከርነሉ ተጠናቆ እየሠራ አይደለምን?

መልሱ ያለው በሄደር ፋይሎች ላይ ነው። በሲ ቋንቋ የተጻፈ ፕሮግራም አንድን የመረጃ መዋቅር ሲጠቀም፣ የመዋቅሩ ክፍሎች በምን ቅደም ተከተል እንደተደረደሩና እያንዳንዱ ስንት ባይት እንደሚይዝ የሚያውቀው ከሄደር ፋይሉ ነው። ኮምፓይል ከተደረገ በኋላ ግን ስሞቹ ይጠፋሉ። የሚቀሩት «ከመዋቅሩ መነሻ 16 ባይት ርቀህ ያለውን አንብብ» የሚሉ ቁጥሮች ናቸው። ሄደር ፋይል እንግዲህ የሜሞሪ ካርታ ነው ማለት ይቻላል፤ ድራይቨሩና ከርነሉ አንድን ቦታ የሚጋሩ እስከሆነ ድረስ በአንድ ካርታ መጓዝ ይኖርባቸዋል።

ካርታው የሚለወጠው በከርነሉ እትም ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል በሆነ ነበር። ነገር ግን ከርነሉ ኮምፓይል ሲደረግ የምንመርጣቸው አማራጮችም ይለውጡታል። ስፒንሎክ የተባለውን ቁልፍ እንውሰድ፤ ይህ ሁለት ፕሮሰሰሮች አንድን መረጃ በአንድ ጊዜ እንዳይነኩ የሚከላከል ነው። ከርነሉ ለብዙ ፕሮሰሰር ሲዘጋጅ በኢንቴል ማሽን ላይ ቁልፉ 4 ባይት ይይዛል። የስሕተት መከታተያ አማራጩ ቢበራ ደግሞ የመለያ ቁጥርና የባለቤቱ መረጃ ስለሚጨመሩበት በ32 ቢት ማሽን ወደ 16 ባይት ያድጋል። በመዋቅሩ ውስጥ ከዚህ ቁልፍ በኋላ የሚገኝ ሁሉ ቢያንስ በ12 ባይት ይገፋል ማለት ነው። አንዲት «አዎ» ወይም «የለም» የሚል ምርጫ ካርታውን በሙሉ ታንሸራትተዋለች።

ሦስት ስሞች፣ ሦስት ጊዜያት

በሊኑክስ ማሽን ላይ ወደ ከርነል ምንጭ ወይም ሄደር የሚወስዱ ሦስት ታዋቂ ቦታዎች አሉ። አንዱ «/ዩኤስአር/ኤስአርሲ/ሊኑክስ» ነው። ሁለተኛው በ«/ዩኤስአር/ኢንክሉድ» ሥር የሚገኙት «ሊኑክስ» እና «ኤኤስኤም» የተባሉት ንኡስ ዳይሬክተሪዎች ናቸው። ሦስተኛው በ«/ሊብ/ሞጁልስ» ሥር፣ በእያንዳንዱ የከርነል እትም ዳይሬክተሪ ውስጥ፣ «ቢልድ» ተብሎ የሚገኘው ጠቋሚ ነው። ብዙ ሰው ሦስቱንም የአንድ ነገር ሦስት ስሞች አድርጎ ይቆጥራቸዋል፤ ስሕተቱ የሚጀምረውም ከዚሁ ነው።

በጥንቱ አሠራር በእርግጥ አንድ ነበሩ። በ1990ዎቹ በበርካታ የሊኑክስ ስርጭቶች ላይ በ«/ዩኤስአር/ኢንክሉድ» ውስጥ ያሉት ሁለቱ ስሞች ራሳቸው ወደ «/ዩኤስአር/ኤስአርሲ/ሊኑክስ» የሚያመለክቱ ጠቋሚዎች ነበሩ። አዲስ የከርነል ምንጭ ያወረደ ሰው ያንን አንድ ጠቋሚ ሲያዞር፣ በማሽኑ ላይ የሚጻፍ ተራ ፕሮግራም ሁሉ የሚያየው ካርታ ሳያውቀው አብሮ ይዞር ነበር። ተራ ፕሮግራም ግን ከርነሉን በቀጥታ አያነጋግርም፤ የሚያነጋግረው ጂሊብሲ በተባለው የሲ ላይብረሪ በኩል ነው። ላይብረሪው ደግሞ ቀደም ሲል በሌላ ካርታ ኮምፓይል ተደርጎ ተቀምጧል። ፕሮግራሙ በአዲሱ ካርታ፣ ላይብረሪው በአሮጌው ይጓዛሉ።

የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2000 ይህን ልማድ በግልጽ ተቃውሟል። የእርሱ አቋም በ«/ዩኤስአር/ኢንክሉድ» ውስጥ የሚቀመጡት ሄደሮች ጂሊብሲ ራሱ ኮምፓይል የተደረገባቸው መሆን አለባቸው፣ አዲስ ከርነል የሚሠራ ሰውም ምንጩን በራሱ የቤት ዳይሬክተሪ ያስቀምጥ የሚል ነበር። የራሱ ማሽን ሳይቀር ሲሠራበት ከነበረው ከርነል እጅግ የቀደመ የ2.2.13 እትም ሄደሮችን በዚያ ቦታ እንደያዘ ገልጿል። ከርነሉ ለተራ ፕሮግራሞች የሚሰጠውን አገልግሎት ቅርጽ እንዳያፈርስ ስለሚጠነቀቅ፣ በአሮጌ ሄደር የተዘጋጀ ፕሮግራም በአዲስ ከርነል ላይ ይሠራል። ዛሬ ይህ አቋም የተለመደ አሠራር ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው 2.6.18 እትም ለተራ ፕሮግራሞች የሚሆኑትን ሄደሮች ለይቶ የሚያወጣ ትእዛዝ ተጨመረ፤ በ2012 በወጣው 3.7 እትም ደግሞ እነዚህ ሄደሮች በምንጩ ዛፍ ውስጥ የራሳቸው ዳይሬክተሪ ተሰጣቸው።

ስለ አሮጌው አሠራር ሳንናገር የማናልፈው አንድ ወጥመድ አለ። እስከ 2.4 ተከታታይ አጋማሽ ድረስ የከርነሉ ጥቅል ሲፈታ የሚፈጥረው ዳይሬክተሪ የእትም ቁጥር ሳይኖረው «ሊኑክስ» ብቻ ይባል ነበር። «ሊኑክስ» የሚለው ስም ቀድሞውኑ ወደ አሮጌው ዛፍ የሚያመለክት ጠቋሚ ሆኖ ከቆየ፣ አዲሶቹ ፋይሎች በጠቋሚው በኩል አልፈው በአሮጌው ዛፍ ላይ ይፈስሱ ነበር። ውጤቱ ግማሹ አዲስ፣ ግማሹ አሮጌ፣ ስሙ የአሮጌው የሆነ ዛፍ ነው። ጥቅሉን ከመፍታት በፊት ጠቋሚውን ማጥፋት በጊዜው የነበሩ ባለሙያዎች እንደ ጸሎት የሚደግሙት ምክር ነበር።

ወደ «/ዩኤስአር/ኤስአርሲ/ሊኑክስ» እንመለስ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ ይህንን ስም ግን የሚያወጣው የማሽኑ አስተዳዳሪ ነው። እርሱ ካላዞረው ማንም አያዞረውም። ጄንቱ የተባለው የሊኑክስ ስርጭት ይህን ጠቋሚ እስከ ዛሬ በሥርዓት ይጠቀምበታል። በዚያ አዲስ የከርነል ምንጭ ሲጫን ጠቋሚው በተለመደው አቀማመጥ ባለበት ይቆያል፤ ተጠቃሚው «ኢሴሌክት» በተባለ መሣሪያ ከተጫኑት ዛፎች አንዱን ይመርጣል፣ ከከርነሉ ውጪ ያሉ ሞጁሎችም ለተመረጠው ዛፍ ይዘጋጃሉ። ይህ አሠራር ትክክል የሚሆነው የጠቋሚውን ትርጉም ስንረዳ ነው። የሚነግረን አሁን በመሥራት ላይ ያለውን ከርነል ሳይሆን፣ አስተዳዳሪው ነገ ማሽኑን ሊያስነሣበት ያሰበውን ነው። በ«/ዩኤስአር/ኢንክሉድ» ያለው ላይብረሪው የተሠራበትን ያለፈውን ጊዜ ይይዛል፤ «/ዩኤስአር/ኤስአርሲ/ሊኑክስ» ዕቅድን ይይዛል። አሁን ያለውን የሚያውቀው ሦስተኛው ብቻ ነው።

«ቢልድ» የተባለው ጠቋሚ የሚፈጠረው በሰው እጅ ሳይሆን በከርነሉ የግንባታ ሥርዓት ነው። ሞጁሎቹ በሚጫኑበት ጊዜ፣ ከርነሉ ኮምፓይል የተደረገበት ዳይሬክተሪ ሙሉ አድራሻ በዚያ እትም ስም ሥር ይመዘገባል። በመሥራት ላይ ያለው ከርነል ስሙን «ዩኔም -አር» በተባለው ትእዛዝ ይነግረናል፤ ያንን ስም ይዘን በ«/ሊብ/ሞጁልስ» ሥር ስንገባ ወደ ራሱ ካርታ የሚወስደንን በር እናገኛለን። በ2.6 ተከታታይ ከ«ቢልድ» ጎን «ሶርስ» የተባለ ሁለተኛ ጠቋሚም ይገኝ ነበር። ምንጩ በአንድ ቦታ፣ የኮምፓይሉ ውጤት በሌላ ቦታ እንዲቀመጥ ለሚፈልጉ ሰዎች የመጀመሪያው ውጤቱን፣ ሁለተኛው ምንጩን ያመለክታሉ። በቅርብ ዓመታት እትሞች «ሶርስ» ቀርቶ «ቢልድ» ብቻውን ይፈጠራል። ደቢያንን የመሰሉ ስርጭቶች ሙሉውን ምንጭ ሳያወርዱ ሄደሮቹን ብቻ በጥቅል ያቀርቡና «ቢልድ» እነርሱን እንዲያመለክት ያደርጋሉ። ከርነሉ በታደሰ ቁጥር ሞጁሎችን እንደገና የሚያዘጋጀው ዲኬኤምኤስ የተባለው መሣሪያም የሚሄደው በዚሁ መንገድ ነው።

የአንድ ሌሊት ልኬት

እ.ኤ.አ. በ2006 በውጭ አገር ለዶክትሬት ጥናታችን የብርሃን ቅንጣቶችን የሚቆጥር ካርድ በአንድ የቤተ ሙከራ ኮምፒዩተር ላይ መጫን ነበረብን። ከካርዱ ጋር የመጣው ድራይቨር የግንባታ ፋይሉ ውስጥ «/ዩኤስአር/ኤስአርሲ/ሊኑክስ» የሚል አድራሻ ተጽፎ ተቀምጧል። ኮምፓይል አደረግነው፤ ያለ ቅሬታ ተጫነ። ምሽት ላይ መለኪያውን አስጀምረን ወደ ቤታችን ሄድን። በማግሥቱ ስንመለስ ማሽኑ ሁለት ሰዓት ያህል ቆጥሮ ደርቆ አገኘነው፤ የሌሊቱ ልኬት የለም።

በማሽኑ ላይ ሁለት የ2.6.16 ዛፎች ነበሩ። አንደኛው በመሥራት ላይ ያለው ከርነል የወጣበት ነው። ሁለተኛውን ከእኛ በፊት የነበረ ተጠቃሚ ስሕተት ሲያድን ቀደም ብለን የጠቀስነውን የቁልፍ መከታተያ አማራጭ አብርቶ የተወው ነበር፤ ጠቋሚውም ወደዚያው እንደዞረ ቀርቷል። ከርነሉ ሞጁልን ሲቀበል ቨርማጂክ የተባለ አጭር ጽሑፍ ያመሳክራል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የእትሙ ስም፣ ከርነሉ ለብዙ ፕሮሰሰር መዘጋጀት አለመዘጋጀቱና ጥቂት ሌሎች ነገሮች አሉ፤ የቁልፍ መከታተያው ግን የለበትም። ስለዚህ ሁለቱ ጽሑፎች ፊደል በፊደል አንድ ሆኑ፣ ከርነሉም የተሳሳተ ካርታ የያዘውን እንግዳ በሰላም አስገባ። ድራይቨሩ በጭነት ጊዜ ብቻ የሚደርስበት አንድ ቦታ 12 ባይት ያህል ተንሸራትቶ ነበር፤ ጭነቱ እስኪመጣ ድረስ ሁሉም ደኅና መሰለ። ምክንያቱን ለማግኘት ሦስት ቀን ፈጅቶብናል፤ ከሦስቱ ቀናት ሁለቱን ያሳለፍነው ካርዱን በመጠራጠር ነው።

መግቢያው ላይ ያየነው ተማሪ እንግዲህ ከእኛ ይልቅ ዕድለኛ ነው። ማሽኑ እንቢ ብሎታል። ተግሣጹ ዝርዝር ያለው በከርነሉ የመልእክት መዝገብ ስለሆነ «ዲሜሰጅ» ብሎ ቢያይ የትኛው ቨርማጂክ ከየትኛው እንዳልተስማማ ያነባል። በሞጁሉ ውስጥ የተጻፈውን ደግሞ «ሞድኢንፎ» ያሳየዋል።

ከዚያ ወዲህ በአንድ እትም ሁለት ከርነል ስናዘጋጅ ለእያንዳንዱ በእትሙ ቁጥር ላይ የራሱን ቅጥያ እንጨምርለታለን፤ በአማራጮቹ መጀመሪያ ላይ «የአካባቢ እትም» የሚል ትርጉም ያለው መስመር ለዚሁ የተዘጋጀ ነው። ቅጥያው ሲኖር ቨርማጂኩም፣ በ«/ሊብ/ሞጁልስ» ሥር ያለው ዳይሬክተሪም ይለያያሉ። ቅጥያ ከሌለ የሁለተኛው ከርነል ሞጁሎች በመጀመሪያው ላይ ይጻፋሉ፣ «ቢልድ»ም ወደ መጨረሻው ይዞራል፤ ያን ጊዜ ታማኙ ጠቋሚ እንኳ ያሳስታል። ከእኛ ያልሆነ ድራይቨር ሲገጥመንም ከሁሉ በፊት የግንባታ ፋይሉን ከፍተን በውስጡ የተጻፈውን አድራሻ እንመለከታለን።

የ«ቢልድ» ጠቋሚ የራሱ ድክመት አለው። የሚይዘው ሙሉ አድራሻ ስለሆነ፣ ከርነሉን በአንድ ማሽን ኮምፓይል አድርገን ወደ ቤተ ሙከራው ሌሎች ኮምፒዩተሮች ብንገለብጠው በእነዚያ ላይ የሌለ ዳይሬክተሪን ያመለክታል። ቦታ ለማስለቀቅ ዛፉን ስናጠፋም እንዲሁ ነው። «ኤልኤስ» ስሙን ያሳየናል፤ ልንገባበት ስንል ግን እንዲህ ያለ ፋይል ወይም ዳይሬክተሪ የለም ይለናል። «ሪድሊንክ -ኤፍ» የተባለው ትእዛዝ ጠቋሚው በመጨረሻ የት እንደሚደርስ ስለሚናገር መጀመሪያ እርሱን መጠየቅ ይበጃል።

ጠቋሚውን በእጅ ማዞር ካስፈለገ «ኤልኤን» የተባለው ትእዛዝ በሦስት ምልክቶች ይሰጣል፤ «-ኤስ» ጠቋሚ ስም እንዲሆን፣ «-ኤፍ» አሮጌውን እንዲተካ፣ «-ኤን» ደግሞ አሮጌውን ጠቋሚ እንደ ዳይሬክተሪ እንዳይቆጥረው። የመጨረሻዋን ምልክት ብንረሳት ትእዛዙ በአሮጌው ጠቋሚ በኩል ያልፍና አዲሱን ጠቋሚ በአሮጌው ዛፍ ውስጥ ይፈጥረዋል፤ ስሕተት ተፈጠረ ብሎ አይነግረንም፣ «ቢልድ»ም ቀድሞ ያመለክት የነበረውን ዛፍ ማመልከቱን ይቀጥላል።